ቀበና ከየት ይነሣል

ልጆች ሳለን ወደ ቀበና ወንዝ እንዳንወርድ የሚከለክል አንድ ቃል ነበር። እናቴ ደጅ ትወጣለች፣ በስተሰሜን ቀና ብላ ታያለች፣ «ዛሬ አትወርዱም፤ እንጦጦ ጠቁሯል» ትላለች። እኛ በቆምንበት ፀሐይዋ የታጠበ ልብስ ታደርቃለች፤ ከራሳችን በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ ነው። ክርክር ግን አልነበረም። ድልድዩን ተደግፈን እንጠብቃለን። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም የሚሰማ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ። ቀጥሎ ሽታው ይመጣል፤ የእርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ። ከዚያ ውኃው ራሱ ብቅ ይላል፤ ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና ላስቲክ ከፊቱ እየገፋ። ጠዋት ከድንጋይ ድንጋይ ዘለን የተሻገርነው ወንዝ አሁን በሬ ይወስዳል።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ውኃ የራሱ ስም አለው፤ ደራሽ። ጎርፍ ሁሉ ደራሽ አይደለም። ጎርፍ እደጃችን ከዘነበው ዝናብም ሊነሣ ይችላል። ደራሽ ግን ሌላ ቦታ ዘንቦ፣ መንገድ ተጉዞ፣ ባላሰቡት ሰዓት ከተፍ የሚል ነው። በአንዲቷ ቃል ውስጥ ርቀትም ጊዜም አለ፤ ወንዝ የሚሠራው እላይ እንደሆነ፣ እታች የምናየው የሥራውን ውጤት እንደሆነ ቃሉ ራሱ ይናገራል። እናቴ ካርታ አንብባ አታውቅም። ወንዙን ግን ከድልድዩ ላይ ሳይሆን ከተራራው ላይ ታነበው ነበር።

ይህ ምዕራፍ እሷ ወዳየችበት አቅጣጫ ይወጣል።

ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሰው ሁለት ወንዝ ይሻገራል፤ መጀመሪያ ግንፍሌን፣ ቀጥሎ ቀበናን። ሁለቱም በስተግራው ካለው ተራራ የወረዱ ናቸው። ሁለቱም አጭር ናቸው። የቀበና ድልድይ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የስነ ፈለክ ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ ወፍ እንደሚበረው ቀጥ ብለን ብንለካው፣ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። ይህን ሁለት ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያየ ሰው የወንዙን ጠባይ ግማሹን አውቆታል ማለት ነው። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ይህን ያህል ቁልቁለት የሚወርድ ውኃ የሚተኛበት ሜዳ፣ የሚዝናናበት ጨፌ የለውም። ተንደርድሮ ወጥቶ ተንደርድሮ ይገባል።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር በላይ በእግር ስትወጡ ቤቶቹ ይሳሳሉ፣ ከዚያ ያልቃሉ፣ ባሕር ዛፉ ይጀምራል። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ትንፋሽም ያጥራል። በማለዳ ከሆነ በጫካው መሀል ሯጮች ተከታትለው ያልፋሉ። ጥቂት እንደወጣችሁ ወንዙ «ወንዝ» መባሉ ይቀርና ጅረት ይሆናል። ቀጥሎ ጅረቱ ይከፈላል፤ ከግራም ከቀኝም ፈፋ ይገጥመዋል። እያንዳንዱ ፈፋ ደግሞ ወደ ላይ ሌሎች ፈፋዎች አሉት። የቀበናን ምንጭ ፍለጋ የሄድኩበት የመጀመሪያው ቀን ያሳዘነኝ ይኸው ነበር። «ይህ ነው» ብዬ ድንጋይ የማስቀምጥበት አንድ ነጥብ አላገኘሁም። ዛፍን ከግንዱ ጀምሮ ወደ ቅርንጫፎቹ፣ ከቅርንጫፎቹም ወደ ቀንበጦቹ እንደመውጣት ነው። የትኛው ቀንበጥ ነው የዛፉ መጨረሻ? ሁሉም ናቸው። ወንዝም ከአንድ ጉድጓድ አይነሣም፤ ከአንድ አገር ይነሣል። ያንን አገር ባለሙያዎች ተፋሰስ ይሉታል፤ በላዩ የወደቀው ጠብታ ሁሉ ወደ አንድ መውጫ የሚወርድበት መሬት ማለት ነው።

የተፋሰሱ ድንበር ደግሞ ተረተሩ ነው። እንጦጦ ላይ ይህ ድንበር ከተራ ወሰን የበለጠ ክብደት አለው። በስተደቡብ ፊት የወደቀው ዝናብ በቀበና፣ በግንፍሌና በወንድሞቻቸው በኩል ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በስተሰሜን ፊት የወደቀው ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል፤ ከሱሉልታ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ። ተረተሩ ላይ በአንድ ቦታ ሁለት እርምጃ ብቻ ተራርቀው የወደቁ ሁለት ጠብታዎችን አስቡ። አንደኛው ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜድትራንያን ባሕር ሊገባ መንገድ ይጀምራል። ሁለተኛው የትኛውንም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ ድንበር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የዓባይና የአዋሽ የውኃ ክፍፍል የሚያልፈው ሰዎች በእሑድ ጠዋት እግራቸውን ሊያፍታቱ በሚወጡበት መንገድ ላይ ነው። እንጦጦ ማርያም ደርሶ የሚመለስ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ከአዋሽ ምድር ወደ ዓባይ ምድር ተሻግሮ ይመለሳል።

ይህ ተረተር ከጥንት የእሳተ ገሞራ አለት የተሠራ ነው። ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይገመታል፤ በምዕራብና በደቡብ ከሚታዩት ከወጨጫና ከፉሪ እጅግ ይቀድማል። ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ሲከፈት መሬቱ በስንጥቅ ተከፋፈለ፤ ከእንጦጦ በስተደቡብ ያለው ምድር ዝቅ አለ፣ ተራራው ከፍ ብሎ ቀረ። አዲስ አበባ የተኛችው በዚያ ዝቅ ባለው ላይ ነው። ፍልውኃን የሚያሞቀውም ከዚሁ የመሬት መሰንጠቅ ጋር የተያያዘ ነገር ነው፤ ወደ ጥልቁ የሰረገ ውኃ ሞቆ በስንጥቁ በኩል ይመለሳል።

ለትንሽ ወንዝ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው አለቱ መሰነጣጠቁ ነው። የእንጦጦ አለት ደረቅና ጠንካራ ይምሰል እንጂ ውስጡ በብዙ ክፍተት የተከፋፈለ ነው። በክረምት በአፈሩ በኩል የሰረገ ውኃ ወደ እነዚህ ክፍተቶች ይገባል። ቀስ እያለ ይወርድና ውኃ የማያሳልፍ ጥብቅ ድርብርብ ሲያጋጥመው ወደ ጎን ይሄዳል። ወደ ጎን ሲሄድ የተራራው ወገብ ላይ ብርሃን ያያል፤ ያ ነው ምንጭ። የእንጦጦ ምንጮች አብዛኞቹ በተራራው አናት ላይ ሳይሆኑ ከአናቱ ዝቅ ብለው፣ በሸለቆዎቹ ራስጌ የሚገኙት ስለዚህ ነው። የእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበልም የተራራው ውኃ ነው። ከየአገሩ የመጡ ሕሙማን በብርድ ጠዋት ተሰልፈው የሚጠመቁበትን ያን ውኃ ምእመኑ በረከት ይለዋል፤ እኔ የማክልበት ቢኖር ከወራት በፊት በተራራው ላይ የዘነበ ዝናብ መሆኑን ብቻ ነው፤ ይህም በረከቱን አያሳንሰውም።

የእንጦጦ የውኃ ጠባይ የአገሪቱን ዋና ከተማ ቦታ አስቀይሯል ብል አላጋነንኩም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በእንጦጦ አናት ላይ ከተሙ። ለጠላት የማይመች፣ አራቱንም አቅጣጫ የሚያሳይ ቦታ ነው። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ለወታደር ግን መልካም የሆነው ቦታ ለማጀት መልካም አይደለም። ተረተር ማለት ውኃ በሁለቱም ወገን ትቶት የሚሄድ ቦታ ነው። እዚያ ላይ የሰፈረ ሕዝብ ውኃ ለመቅዳት መውረድ፣ ተሸክሞ መውጣት አለበት። ብርዱ ከባድ ነው፤ ለብርዱ ማገዶ ያስፈልጋል፤ ማገዶው ደግሞ በዙሪያው ካለው ጫካ ይቆረጣል። እቴጌ ጣይቱ ከፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ቦታውን አዲስ አበባ ሲሉት፣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሙቁ ውኃና ስለ አበባው ነው። እኔ ከዚያ ጋር ገንቦ ተሸክመው ዳገት የሚወጡትን ሴቶች አስባለሁ። ከተማው ቁልቁል የወረደው ውኃውን ተከትሎ ነው። በኋላም ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ አዲሱ ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውኃ ሲያስገባ፣ ውኃው የመጣው ከእንጦጦ በኩል ነበር። ተራራው ላይ ሲኖሩ ያጡትን ውኃ ተራራው ግርጌ ሲሰፍሩ አገኙት።

የማገዶው ችግር ግን ተከትሏቸው ወረደ። የተራራው የጥንት ዛፍ ጥድ ነበር፤ ከጥዱ ጋር ወይራ፣ ወደ ላይ ደግሞ ኮሶ፣ አምጃና አስታ። ዛሬ የዚህ ጫካ ቅሪት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ይታያል፤ ጎርበጥ ያለ ግንድ ያለው ጥድ ከአጥሩ ውስጥ ቆሞ፣ ከአጥሩ ውጭ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ። ያደገችው ከተማ ለግድግዳና ለምድጃ ስትቆርጥ ዙሪያዋ ተራቆተ። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ምኒልክ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩ ያሰቡበት አንዱ ምክንያት የእንጨት እጦት ነው። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሙከራ የተተከለ የባሕር ማዶ ዛፍ ነበር። ዛፉን በማስገባት በኩል ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው፤ ዘመኑም 1887 ዓ.ም. ገደማ ይባላል። ሕዝቡ ዛፉን ባሕር ዛፍ አለው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ።

የእንጦጦን ተራራ የሸፈነው ዓይነት፣ ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው፣ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያና ከእሷ በስተደቡብ ያለችው የታዝማኒያ ደሴት ነው።  ዛፉ በአገሩ ከሌሎች ብዙ ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ፈርኖች ጋር በአንድነት ይኖራል። ወደ እኛ ሲመጣ ግን ብቻውን መጣ። ጎረቤቶቹ አልተከተሉትም። ከሰማይ የተነሣ ምስል ላይ እንጦጦ ዛሬ እሱም ደሴት ይመስላል። በደቡብ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሰሜን የሱሉልታ እርሻና ግንባታ ከበውት፣ መሀሉ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተንጋሎ ይታያል። ግን ከሩቅ አንድ የሚመስለው አረንጓዴ ሲጠጉት አንድ አይደለም። ቀበና የሚወሰነውም እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ጠብታ ውኃ ከደመና ወርዶ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ምን ይገጥመዋል? በጥድና በወይራ ጫካ ውስጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ቅጠል ነው። ከዚያ ከበታቹ ያለ አጭር ዛፍ፣ ከዚያ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ሣርና የድንጋይ ሽበት። ሦስት አራት ጊዜ ይሰበራል። መሬት ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። የሚወድቀውም በአፈር ላይ ሳይሆን በበሰበሰ ቅጠል ላይ ነው፤ ያ ቅጠል እንደ ሰፍነግ ይመጠዋል። ከቅጠሉ በታች ያለው አፈር በሥርና በትል የተበሳሳ ስለሆነ ውኃው ወደ ታች የሚሄድበት በር ያገኛል። ወንዙ ከዝናቡ ድርሻውን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ከቀናት፣ ከሳምንታት፣ ከወራት በኋላ፣ በምንጭ በኩል።

አሁን ወደ ባሕር ዛፉ እንሂድ። ለወራጅና ለማገር የሚቆረጥ፣ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ፣ ተደጋግፎ የቆመ ባሕር ዛፍ። ቅጠሉ ከፍ ያለ ነው፤ ከበታቹ ብዙ ነገር አይበቅልም። ዛፉ ውኃና የአፈር ምግብ ስለሚሻማ፣ በቅጠሉ ያለው ዘይትም ለሌላው ዘር ስለማይመች፣ ጥላውም ስላለ፣ መሬቱ ብዙ ቦታ ባዶ ነው። ከላይ ያለው ቅጠል ያጠራቀመው ጠብታ ተደርቦ፣ ከብዶ፣ ከሃያ ሜትር ከፍታ ባዶ አፈር ላይ ያርፋል። እዚያ ላይ ቢያንስ የረገፈው ቅጠል ቢኖር! የእንጦጦ ቅጠል ግን መሬት ላይ አይሰነብትም። ለእንጀራ ምጣድ ይፈለጋል። ከጎህ በፊት ተራራውን የወጡ ሴቶች ቅጠሉን ጠርገው፣ ጭራሮውን ለቅመው፣ ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም በጀርባቸው አስረው ይወርዳሉ። ከተማዋ በኤሌክትሪክ ከመጋገሯ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የብዙ ቤት እንጀራ የተጋገረው በእነሱ ወገብ ነው። የጠረጉት ቅጠል የቀበና ሰፍነግ ነበር ብል እነሱን መክሰሴ አይደለም። ከሸክሙ በቀር መተዳደሪያ ያልሰጠቻቸው ከተማ፣ እሷው ናት በክረምት ደራሹን የምትቀበለው።

ባሕር ዛፍን ጠላት አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር አልቆምም። ባሕር ዛፍ ባይኖር አዲስ አበባ በቦታዋ መቆየቷ ያጠራጥር ነበር፤ ባዶ ዳገት ደግሞ ከባሕር ዛፍ ዳገት ይብሳል። ግን የዛፍ እርሻና ጫካ አንድ እንዳልሆኑ መናገር ግዴታ ነው። ዛፍ መኖሩ ብቻ ለወንዝ አይበቃም። ለወንዝ ዋናው ጉዳይ ከዛፉ በታች ያለው ነው።

ነገሩን በቁጥር እናስበው። አዲስ አበባ ላይ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል፤ ከሁለት ሦስተኛ በላዩ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ለስሌት እንዲቀልለን 10 ካሬ ኪሎ ሜትር የተራራ ፊት ወስደን፣ በአንድ የሐምሌ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዘነበበት እንበል። 300 ሚሊዮን ሊትር ውኃ ማለት ነው። መሬቱ ባዶና የተረገጠ ሆኖ ግማሹ በሦስት ሰዓት ውስጥ ተንሸራትቶ ቢወርድ፣ በየሰከንዱ ወደ 14,000 ሊትር በድልድዩ ሥር ያልፋል። በየሰከንዱ አንድ ቦቴ ሙሉ ውኃ። ደራሽ የምንለው ይህን ነው።

ሌላውን ፊት እንየው። ያው 10 ካሬ ኪሎ ሜትር በዓመት ከሚያገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትሩን ብቻ፣ ማለትም አንድ አሥራ ሁለተኛውን፣ ወደ አለቱ ስንጥቅ አሳልፎ ቢያስቀምጥ፣ የተጠራቀመው አንድ ቢሊዮን ሊትር ነው። ይህ ውኃ በስምንቱ የበጋ ወራት ቀስ እያለ በምንጭ ቢወጣ፣ በየሰከንዱ ወደ 48 ሊትር ይሆናል፤ ከሁለት ጀሪካን በላይ በየሰከንዱ፣ ሌሊትና ቀን፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት። በሐምሌ ያለፈው ቦቴና በየካቲት የሚጠፋው ጀሪካን አንድ ውኃ ናቸው። በክረምት በድልድዩ ሥር ብዙ ያየነው፣ በበጋ ያጣነውን ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ልጅነቴን መለስ ብዬ አያለሁ። ያ ድልድይ ላይ ተደግፈን የተደሰትንበት ትልቅ ውኃ የሚፈስ ሀብት ነበር፤ የተራራውንም አፈር ይዞ የሚሄድ።

አፈሩ ወዴት ይሄዳል? እዚህ ላይ አማርኛ ሌላ ቃል ይሰጠናል። ወደ ትልቅ ወንዝ የሚገባ ትንሽ ወንዝ ገባር ይባላል፤ ግብር የሚከፍል። ድሮ መሬት አርሶ ለጌታው የሚገብረው ሰው የተጠራበት ቃል ነው። ግንፍሌ፣ ስሙ ሲጠራ «ገነፈለ» የሚለውን ለጆሮዬ የሚያመጣው ወንዝ፣ ለቀበና ይገብራል። በፍልውኃ አጠገብ የሚያልፈው ባንትይቀጡም እንዲሁ። ቀበና ለትልቁ አቃቂ ይገብራል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ በአባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ቦታ ነው። እስከዚያ ድረስ ውኃው የተራራውን አፈር ብቻ ሳይሆን የከተማዋን ፍሳሽ ሁሉ ተሸክሟል፤ በአቃቂ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚጠጣውም እሱን ነው። ግድቡ በደለልና በእንቦጭ ተጨናንቆ ለረጅም ዘመን መኖሩን ያየ ሰው ግብሩ በምን እንደተከፈለ ይረዳል። ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ፤ እሱም ደለል ያስቸገረው ነው። አዋሽ በመጨረሻ ለማንም አይገብርም። ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ሄዶ አቤ ሐይቅ ላይ ይቆማል፤ ውኃውን ፀሐይ ይጠጣዋል፤ ጨውና ደለሉ ይቀራል።

በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የማልማት ሥራ ይፋ ሲሆን፣ በ29 ቢሊዮን ብር ዕቅድ፣ የቀበና ልጆች የሆንን ሁሉ ልባችን ደስ ብሎታል። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የቀበና ዳርቻ ብዙ ተለውጧል፤ ድሮ ቆሻሻ ይደፋበት የነበረ ቦታ ላይ ሰው አሁን ተቀምጦ ያወራል። ይህን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ዳርቻ ማለት የወንዝ ጠርዝ እንጂ ወንዝ አለመሆኑ ነው። ግንብ የተሠራለት ወንዝ ከላይ ቦቴው ሲመጣበት ግንቡን ይፈትናል። በድንጋይ በተነጠፈ የእግር መንገድ ሥር ያለው ምንጭ የሚሞላው እዚያ አይደለም። ስለዚህ ከዳርቻው ሥራ ይልቅ ልቤን የሚያሞቀው ብዙ ሰው የማያየው ሥራ ነው፤ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እየቀነሱ በቦታው ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ የሚተክሉ ሰዎች ሥራ። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለአደራ ማኅበር በእንጦጦ ላይ ይህን የጀመረው ፓርኩ ከመታሰቡ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። በስተምዕራብ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም የአገር ዛፎችን በአንድነት ይጠብቃል። የጥድ ችግኝ ሲያድግ ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። ባሕር ዛፍ በአምስት ዓመት ቤት ይሠራል፤ ጥድ በአምስት ዓመት ገና ልጅ ነው።

ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ አንድ ሸለቆ ራስጌ ደርሼ ነበር። አገር በቀሉ ዛፍ ከተተከለ ቆይቷል፤ ከሥሩ ቁጥቋጦ ገብቷል፣ ቁጥቋጦውም ውስጥ እሾህና ሣር። አንዲት ሸክም ያሰሩ እናት ገመዳቸውን ፈታ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«እማማ፣ ምንጭ አለ እዚህ?» አልኳቸው።

«የድሮው ደርቆ ነበር፤ አሁን ያለቅሳል» አሉኝ፤ በእጃቸውም አመለከቱኝ። ከአለቱ ሥር ጠብ ጠብ የሚል፣ የድንጋይ ሽበት የበቀለበት እርጥብ ቦታ።

«ምን አመጣው?»

«ምን አውቄ ልጄ። እዚህ ቅጠል እንዳንጠርግ ከልክለውን ነው የከረሙት» አሉና ገመዳቸውን አጠበቁ። ሸክሙን ልደግፋቸው ስል ቀድመውኝ ተነሡ። ቅጠሉን ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኳቸውም።

አንድ ጠብ የሚል አለት ማስረጃ አይባልም፤ አንድ ክረምት ከሌላው ስለሚለያይ ምንጭም ይደርቃል፣ ይመለሳል። ግን እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሰማዩ ከሱሉልታ በኩል ተንከባሎ መጣና ዘነበ። ከባሕር ዛፉ ሥር በየመንገዱ ቀይ ውኃ ወዲያው መሮጥ ጀመረ። አገር በቀሉ ዛፍ ያለበት ሸለቆ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ዝናቡ ሲወርድ ይሰማል፤ ውኃ ሲሄድ አይታይም። ሁለቱ ዳገቶች ጎን ለጎን ናቸው፤ ደመናውም አንድ ነው።

ስልኬን አውጥቼ ቀበና፣ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። «እማዬ፣ እዚህ ዝናብ ነው።»

«አይቻለሁ፤ ጠቁሯል» አለችኝ። «እዚህ ፀሐይ ነው። ልብስ አስጥቻለሁ።»

ውኃ በእንዲህ ያለ ቁልቁለት በሰከንድ ሁለት ሜትር ቢጓዝ በሰዓት ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ጠመዝማዛውን ጨምሬ አሰብኩና ሰዓቴን አየሁ። ተራራውን እየተንሸራተትኩ ወረድኩ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደርሼ ሻይ አዘዝኩ፤ ከጫማዬ ጭቃውን ፈገፈግኩ። ከደወልኩላት አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል አልፎ ስልኩ ጮኸ።

«ደረሰ» አለችኝ።